ሐጂ ዓሊ የመሰከሩላት መኪና

እናንተ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች፣ ሰው "መኪናህ እንዴት ናት?" ብሎ ሲጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? የእኔ መልስ ለዓመታት አንድ ነበር። "እንደ ሰዓት ናት" እላለሁ። ያልጠየቀኝንም ሰው ይዤ እነግረዋለሁ። ሰመራ በምሠራበት ቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እየሳሳ የሄደው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ወደ አፋር የወረድኩት ትንሽ ሠርቼ ልመለስ ነበር፤ ቆላው ለመደኝና ቀረሁ። ትንሿን ነጭ መኪናዬን ከአዲስ አበባ ገዝቼ ሳመጣት የቢሮ ሰዎች "ይቺ ለሰፈር እንጂ ለዚህ ንዳድ አትሆንም" እያሉ ስቀውብኝ ነበር። እሷ ግን አሳፈረቻቸው። ነዳጅ ትቀምሳለች እንጂ አትጠጣም። ቁልቁለት ላይ ፍሪ እለቃታለሁ፣ ኤሲ አልከፍትም፣ የጎማዋን ንፋስ ቶሎ ቶሎ አስለካለሁ። የማደያ ሰልፍ በሚረዝምበት ሰሞን ባለትልልቅ መኪኖቹ ፀሐይ ላይ ሲንገላቱ እያየሁ ሳልፍ ደስ ይለኝ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ግን ጠዋት ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ውሃው ጎድሎ አገኘው ጀመር። መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር የለም። ሎጊያ ያለ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። የቴስታታው ጋርኒሽን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ እንደሄደ፣ ውሃው ወደ ሞተሩ እየገባ እንደሚቃጠል፣ ሞተሯ ካልተከፈተ በስተቀር ረጅም መንገድ እንዳልነዳት ነገረኝ። ሞተሯ የተከፈተ መኪና ደግሞ ገዢ ፊት ዋጋ እንደሌላት አውቃለሁ። ስለዚህ አላሠራኋትም። ነገሩ ሳይታወቅባት ልሸጣት ወሰንኩ። እስከዚያው ውሃ የሞላ ጀሪካን የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ማስቀመጥ ልማዴ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አዋሽ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ሄጄ ነበር። እሑድ ጠዋት ልመለስ ስነሳ ወንድሜ አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሐጂ ዓሊ ይባላሉ፤ አፋር ናቸው፤ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ሎጊያ የሚመለሱ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ወንድሜ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ "እኚህ ሰው የተናገሩት ነገር ጅቡቲ ድንበር ድረስ ይሄዳል" አለኝ። ያኔ ነው ክፉው ሐሳብ የመጣልኝ።

ስለ ዳጉ ያልሰማችሁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን መጣ። የሰማው ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ይህ ወሬ ማቀበል አይደለም። ውሸት የጨመረበት ሰው ይጠየቃል፤ ምክንያቱም በዚያ ቃል ሰው ከብቱን ይነዳል፣ መንገዱን ይመርጣል። ይህንን ከብዙ ዓመት በፊት ነው የሰማሁት። እያወቅሁ ነው ዳጉን እንደ ነፃ ማስታወቂያ ልጠቀምበት ያሰብኩት።

መንገድ ላይ ሐጂ ዓሊ ብዙ አይናገሩም፤ ይጠይቃሉ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ደጋው ዝናብ ጠየቁኝ። ቀጥለው "ልጄ፣ የዚች መኪና ነገርስ እንዴት ነው?" አሉ።

"ሐጂ፣ አንዴ ነዳጅ ሞልቼ ነው ከአዋሽ ሰመራ የምገባባት" አልኳቸው። "አትሞቅም፣ ውሃ አትጠይቅም። ይኸው እርስዎም እያዩ ነው።"

"አየሁ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቀትሩ ሶላት፣ የዙሁር ሰዓት ሲደርስ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ጌጁ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ፈጠን ብዬ "ሐጂ፣ ለሶላት ልቁምልዎት?" አልኩ። በጣም ደስ አላቸው። ከሃይማኖታቸው ውጪ ያለ ሰው ሳይጠየቅ ሲያስታውሳቸው የመጀመሪያው እንደሆንኩ ነገሩኝ። ለውዱእ መታጠቢያ ውሃ ላቀርብላቸው ስል፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ውሃው ለመጠጥ ይቆይ ብለው በውሃው ፋንታ አፈር ነክተው ተየመሙ። ከመኪናዋ ራቅ ብለው ቆመው መስገድ ሲጀምሩ እኔ ኮፈኑን ቀስ ብዬ ከፍቼ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ፣ ያንን እሳቸው የቆጠቡትን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርኩት። ሲመለሱ መሪውን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ረዥም ዱዓ አደረጉልኝ። "አሚን" አልኩ። ከሰዓት በኋላ አስር ለሚባለው ሶላት ስንቆምም ይኸው ተደገመ።

በሁለቱ ሶላት መሀል ገዋኔ ላይ ሻይ ለመጠጣት ወርደን ነበር። ሦስት አፋሮች መጥተው እጅ ለእጅ ከተሳሳሙ በኋላ ሐጂን ከበው ተቀመጡ። ቋንቋውን ብዙ ባልሰማም መኪናዬ ላይ ሲደርሱ አወቅሁ፤ ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት። አንደኛው አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ ሐጂ ጣታቸውን ከዓይናቸው ሥር አድርገው መለሱለት። መኪና ውስጥ ስንገባ ምን እንዳሉት ጠየቅኳቸው።

"በጆሮህ ነው የሰማኸው ወይስ በዓይንህ ነው ያየኸው አለኝ። በዓይኔ ነው አልኩት።"

ሎጊያ በሰላም ገባን፤ ሐጂ ስልክ ቁጥሬን ተቀብለው ወረዱ። እኔም ተሳካልኝ ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ሰው ነው፤ በተሰባበረ አማርኛ ሁሴን እባላለሁ አለኝ። ከአሳይታ አልፎ ወደ አፋምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ መንደር ነው የሚደውለው። ሚስቱ ዛህራ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የጤና ሠራተኛዋ አይታት ዱብቲ ሆስፒታል ድረስ መሄድ አለባት ብላለች፤ አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ሄዷል። "አንተ ያቺ የማትደክም መኪና ያለህ ሰውዬ ነህ?" አለኝ። "ሐጂ ዓሊን ያመጣች መኪና።"

ያን ጊዜ "አይደለሁም" ማለት እችል ነበር። "መኪናዋ ታማለች፣ ሌላ ፈልግ፣ እኔም አብሬህ ልፈልግ" ማለት እችል ነበር። ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። አንደኛው የእውነት አዘንኩ። ሁለተኛው ግን እምቢ ካልኩ ያስወራሁላት ስም ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። የትኛው ይበልጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። "እመጣለሁ" አልኩት። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላሁ፣ ጀሪካኑንም ሞላሁና ወጣሁ።

ስሄድ ጥሩ ነበረች። ጠዋት ነው፤ ብቻዬን ነኝ፤ በዝግታ ነዳሁ። እንዲያውም መካኒኩ አጋንኖ ይሆናል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። መንደሩ ጋ ስደርስ ዛህራን ጨርቅ ላይ አስተኝተው ጥላ ሥር እየጠበቁ ነበር። ልጅ እግር ናት። ከንፈሯን ነክሳ ነበር እንጂ ድምፅ አታሰማም። እናቷ ኋላ ገብተው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ዕቃቸው የኋላውን ዕቃ መጫኛ ስለሞላው ጀሪካኑ እናትየው እግር ሥር ሆነ። ሁሴን ከፊት ከጎኔ ተቀመጠ።

ገና እንደተነሳን እጄን ጨበጠኝ። እኔ ከመድረሴ ቀደም ብሎ አንድ ነጋዴ በአሮጌ ፒካፕ ወደ ዱብቲ ሲያልፍ ልውሰዳችሁ ብሏቸው እንደነበር ነገረኝ። "ጎማው ያለቀ ነው፣ አሮጌ ነው። ያንተን እየጠበቅን ነው ብለን አሳለፍነው" አለኝ። ሊያመሰግነኝ ነበር የነገረኝ። ፒካፑ ደግሞ ሄዷል።

አሳይታ ስንገባ ጌጁ ከመሀል አልፎ ነበር። እናትየው በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሁሴን ተረጎመልኝ፤ እዚህም ሐኪም ቤት ስላለ እዚሁ እናሳያት እያሉ ነው። እሱ ደግሞ የተነገራቸው ዱብቲ እንደሆነ አስረዳኝና ፊቴን አየ።

"አንተ ምን ትላለህ? መኪናዋ ታደርሰናለች አይደል?"

ጌጁ ዓይኔ ሥር ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ምክንያት እንኳን መናገር አይጠበቅብኝም ነበር፤ "እዚሁ ትታይ" ብል ያምነኝ ነበር።

"ታደርሰናለች" አልኩ።

ይህንን ቃል ለምን እንዳወጣሁ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ። ክፋት አልነበረም። ከአዋሽ እስከ ሎጊያ ያደረሰች መኪና ይቺ ትንሽ መንገድ አታቅታትም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጉራ በኋላ "አላምናትም" ለማለት ደግሞ ምላሴ አልታዘዘኝም።

ከአሳይታ ከወጣን በኋላ ፀሐዩ አናት ላይ ሆነ። ጌጁ ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ። ሾፌሮች የምናውቃት አንዲት ዘዴ አለች፤ ሞተር ሲሞቅ የመኪናውን ውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለህ፣ የሞተሩን ሙቀት ይስብና ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ብቻህን ስትሆን ላብህን ጠርገህ ትሄዳለህ። እኔ ምጥ የያዛት ሴት ኋላ ተኝታ፣ በአፋር ቀትር፣ ማሞቂያውን ከፈትኩት። ቀስ ብዬ ነው የከፈትኩት፤ ማንም አላየኝም። መስኮቱ ክፍት ስለነበር፣ የሚገባውም ንፋስ የሚያቃጥል ስለነበር፣ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አላወቁም። ሁሴን ላቡን እየጠረገ "ዛሬስ ንዳዱ ሌላ ነው" አለ። አዎ አልኩት።

ዛህራ ማቃሰት ጀመረች። እናትየው ጀሪካኑን ከፍተው ሻሻቸውን እየነከሩ ፊቷን፣ ደረቷን ያረጥቡላት ነበር። በመስታወቱ አያቸዋለሁ። የማየው ግን ዛህራን አልነበረም፤ የሚጎድለውን ውሃ ነበር።

"እናቴ፣ ውሃውን ቆጠብ ያድርጉት" አልኩ።

ሁሴን ተረጎመላቸው። ለመጠጥ እንዲቆይ የፈለግሁ መስሏቸው "ልክ ነው" ብለው ጀሪካኑን ከደኑት። ትንሽ ቆይታ ዛህራ እጇን ወደ ጀሪካኑ ስትዘረጋ እናቷ እጇን ይዘው አባበሏት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሄድንም። ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። በዚያ በኩል ሜዳው ባዶ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ወርጄ ጀሪካኑን ከእናትየው እግር ሥር ወሰድኩ። እሳቸው ያስቀሩትን ውሃ በሙሉ ራዲያተሩ ላይ አፈሰስኩት፤ እየፈላ ወደ ውጭ ገነፈለ። ቁልፉን ብሞክረው ብሞክረው ድምፅ የለም። ሁሴን አጠገቤ ቆሞ ባዶውን ጀሪካን ያይ ነበር።

"ሐጂ ዓሊ ውሃ አትጠይቅም ብለው ነበር" አለ። አልተቆጣም። ያልገባው ሰው አነጋገር ነበር።

ምን ያህል እንደቆምን አላስታውስም። መኪናዋ ውስጥ መቆየት ስለማይቻል ዛህራን አውርደን የመኪናዋ ጥላ ሥር አስተኛናት፤ ጥላው ደግሞ ቀትር ስለነበር ከአንድ ክንድ አይበልጥም። እናትየው ጎንበስ ብለው በልብሳቸው ጋረዱላት። መጨረሻ ላይ የቀን ሠራተኞች የጫነ አይሱዙ መጣ። ከደጋ ለሸንኮራና ለጥጥ ሥራ የመጡ ልጆች ናቸው። እንዳዩን ሳይለመኑ ከላይ ዘለው ወረዱ፣ ፎጣና ጋቢያቸውን አነጠፉላት። ሾፌሩ ዛህራን፣ እናትየውንና ሁሴንን ይዞ ሄደ። ሠራተኞቹ እኔ ጋ አስፋልቱ ላይ ቀሩ። አንደኛው በጎንደር አነጋገር መኪናዬ ምን ሆና እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ሙቀቱ ነው" አልኩት። ያኔም ዋሸሁ።

ከሰዓት በኋላ በሰው መኪና ዱብቲ ሆስፒታል ደረስኩ። ሁሴን ግቢው ውስጥ ግንብ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ዛህራ ተርፋለች። ሕፃኗ ሴት ልጅ ነበረች፤ በሕይወት አልተወለደችም።

ሐኪሙን ሲወጣ አግኝቼ ቀድመን ብንደርስ ኖሮ ብዬ ጠየቅሁት። ደክሞት ነበር። እንዲህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል፣ ቀድሞ መድረስ ግን ሁልጊዜ እንደሚሻል ነገረኝ። የመጀመሪያውን ግማሽ ይዤ ለመኖር ሞከርኩ። ሁለተኛው ግማሽ ግን ሌሊት ሌሊት ይመጣል።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። አልቀለለኝም፤ የበደልኩት ንስሐ አባቴን አልነበረማ።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሐጂ ዓሊ በሽማግሌዎች ፊት እንደተጠየቁ ሰማሁ። ያላዩትን አየሁ ብለው ሰው አሳስተዋል ተብሎ ለሁሴን ቤተሰብ ፍየል እንዲሰጡ ተወሰነባቸው። "ባለመኪናው ነው የነገረኝ" ብለው ራሳቸውን ማዳን ይችሉ ነበር። አላሉም። "በዓይኔ አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሳተው ዓይኔ ነው" ብለው ሰጡ።

ይህንን ስሰማ ነው ሎጊያ የሄድኩት። ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ጀርባ ዳስ ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። በደህና ተቀበሉኝ፣ እናቴንም ጠየቁኝ። ነገሩን ቶሎ ካልተናገርኩ እንደማልናገረው ስለገባኝ ቆሜ ጀመርኩ።

"ሐጂ፣ ዓይንዎ አልሳተም። እርስዎ ሲሰግዱ እኔ ውሃ እጨምር ነበር።"

"ሁለቱንም ጊዜ?" አሉ።

"ሁለቱንም ጊዜ።"

"እኔ ደግሞ ለሶላት አሰበልኝ ብዬ ነበር" አሉ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍየሏን ልተካ ብዬ ጀመርኩ፤ በእጃቸው አስቆሙኝ። "ያደረግሁልህን ዱዓ መልሼ አልወስደውም። እሱ የአላህ ነው" አሉ። "ዳጉውን ግን እኔ አልሸከምልህም። ራስህ አድርሰው። ከሁሴን ጀምር።"

በማግስቱ ሄድኩ። ሰው መፍራት የሚችለውን ያህል ፈርቼ ነበር። ሁሴን ከጎጆው ፊት ለፊት ምንጣፍ አንጥፎልኝ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኩት፤ መካኒኩን፣ ሶላቱን፣ አሳይታ ላይ ጌጁ የት እንደነበረ፣ ማሞቂያውን፣ ውሃውን ለምን ቆጥቡ እንዳልኩ። እናትየው ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር፤ አማርኛ አይሰሙም፤ ሁሴን እያንዳንዱን ቃል ዞር እያለ ተረጎመላቸው። ማሞቂያው ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞሮ አየኝና ተረጎመው።

ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ስልኩ ላይ ብትነግረኝ ኖሮ በፒካፑ እንሄድ ነበር አይደል?"

"አዎ።"

ይቅር አልኩህ አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን አሠርቻታለሁ። አልሸጥኳትም፤ ለሚገዛ ሰው ሁሉን መንገር ስላለብኝ ሳይሆን ከዓይኔ እንድትርቅ ስላልፈለግሁ ነው። ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ነዳጅ ወሬ ሲነሳ ዝም እላለሁ። መንገድ ላይ አፋር ያለበት ቦታ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ ካገኘሁት ሰው ጋር፣ በማውቀው አማርኛ፣ ያደረግሁትን እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይተረጉማል፣ አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ለእናንተም የምጽፈው ለዚሁ ነው። መኪናችሁ እንዴት ናት ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ለጨዋታ የሚጠይቅ ሊመስላችሁ ይችላል። በምትመልሱት ቃል ማን መንገድ እንደሚወጣ ግን አታውቁም። እኔ አላወቅሁም።

እውነቱን ካደረስኩ ነገሩ ይስተካከላል ብዬ አምኜ ነበር። ባለፈው ወር ሎጊያ ሻይ ስጠጣ ሐጂ ዓሊ በሌላ ጠረጴዛ ተቀምጠው አየኋቸው። ከሚሌ በኩል የመጣ አንድ ጎልማሳ ሰላም ብሏቸው አጠገባቸው ተቀመጠ። ሐጂ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ እንደ ልማዳቸው ዝርዝር አድርገው ነገሩት። ሰውየው በአክብሮት አዳመጣቸው፤ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ አጠገቡ ያለውን ወጣት ስለዚያው ዝናብ እንደገና ጠየቀው። ሐጂ ዓሊ ብርጭቋቸውን አንስተው ሻያቸውን ጠጡ።